አባ ፈረደ የፈሩት ዘነዘና

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ላይ፣ ሐይፋ ውስጥ፣ ልጄ ሺራ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ቤትም ቀይረናል። ያ ወቅት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ለሰው ስነግረው መጀመሪያ የሚስቅ አለ። እኔ ግን እስካሁን ልስቅበት አልቻልኩም።

ሥራዬ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት አንዲት የሩማንያ ተወላጅ አሮጊት እረዳ ነበር። ልጆቻቸው ወደ መጦሪያ ሊያስገቧቸው ቤታቸውን ሲበትኑ፣ «ከዚህ ውስጥ የምትፈልጊውን ውሰጂ» አሉኝ። ቴሌቪዥን ነበረ፣ ጥሩ ምንጣፍም ነበረ። እኔ ያነሳሁት ኩሽና መስኮቱ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ የነሐስ ሙቀጫ ነው። ዘነዘናዋ ከንፈሯን ሲነካው እንደ ደወል ትጮሃለች።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሙቀጫ ብቻ ማየት ጀመረ። ሐይፋ ከየአገሩ የመጣ ሰው ያረጀባት ከተማ ናት። ሰው ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ ልጆቹ ወርቁንና ፎቶውን ይወስዳሉ፤ ሙቀጫው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ በካርቶን ይቀራል። የሞሮኮ አለኝ፣ የኢራቅ አለኝ፣ ከእንጨት የተጠረበ የሩሲያ አለኝ። ቴምብር ወይም የድሮ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ኪሱ ሞላ ያለ መሆን አለበት። የእኔ ግን ቢበዛ የአንድ ሻይ ዋጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ነፃ። ባሌ አስረስ መደርደሪያውን እያየ፣ «እዚህ ቤት ሁሉም ይወቅጣል፣ የሚወቀጥ ግን የለም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አስራ ሰባት ሲደርሱ አንዷ ዘነዘና የሌላት ሆነች። ከባድ የብረት ሙቀጫ ናት፣ ጎረቤት የሰጠችኝ። እሷን የሚመጥን ፍለጋ አንድ አርብ ጠዋት ታች ከተማ ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወረድኩ።

አንድ ጎልማሳ ነጋዴ መሬት ላይ ብረታ ብረት ዘርግቷል። የበር እጀታ፣ የቧንቧ ራስ፣ የዛገ መዶሻ። «ዘነዘና የለህም?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ከኋላው ካለ ባልዲ ውስጥ አንድ ነገር አወጣ።

ከስንዝር ትንሽ ያነሰ ብረት ነው። አንደኛው ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሌላው እየጠበበ ሄዶ የዶለዶመ። ስጨብጠው ጣቶቼ በጭንቅ ይገናኛሉ። ለመጠኑ ከሚገባው በላይ ይከብዳል። ከታች በኩል አንድ ቀይ የመዳብ ቀለበት ዙሪያውን ይዞታል። ጌጥ መስሎኝ በጣም ወደድኩት።

«ከየት አገኘኸው?»

«ቁፋሮ የሚሠሩ ሰዎች ከሌላ ብረት ጋር አመጡልኝ። ውሰጂው፣ ምንም አልፈልግም።»

በነፃ ሰጠኝ። ዛሬ ሳስበው፣ እኔ ስወስድለት ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት እፎይታ ነበረ። ምናልባት ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በኋላ ሦስት ጊዜ ሄጄ ፈልጌው አላገኘሁትም።

እቤት ወስጄ በሎሚና በሆምጣጤ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ የድስት መፈግፈጊያ ብረት ይዤ ዝገቱን ሁሉ ፈገፈግሁት። ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እየዘፈንኩ። ቶሎ እንዲደርቅ ምድጃ ውስጥ ላስገባው ነበር። ምድጃው ውስጥ የሰንበት ዳቦ ስለነበረ ተውኩትና በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታሁት።

ያን ጊዜ የባሌ አባት አባ ፈረደ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። የልጅነት አገራቸው ጎንደር አካባቢ ነው። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ሰሜን ውስጥ ብዙ ዓመት አገልግለዋል፤ ስለዚያ ግን ለልጆቻቸውም አውርተው አያውቁም። ወደ ማብቂያቸው መርሳት ጀመራቸው። እኔን አንዳንዴ በሞተች እህታቸው ስም ይጠሩኛል። ማንኪያ ትራሳቸው ሥር ይደብቃሉ። ወደ ጸሎት ቤት ብለው ወጥተው ባሕሩ ዳር ቆመው ተገኝተዋል።

በዚያው ሰንበት ምሳ ስናቀርብ ብረቱን መደርደሪያው ላይ አዩት። እጃቸው ከገበታው ላይ ቆመ።

«ይህን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ አባ። ዘነዘና ነው።»

«ዘነዘና አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አላቸው አስረስ።

ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ጠፋባቸው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናሉ፤ የማቀዝቀዣውን ስም፣ የወሩን ስም ፈልገው ያጡታል። ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ብረቱ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ከሕንጻው በስተጀርባ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር፣ በጋቢያቸው ተጠቅልሎ አገኘሁት። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረውበታል። ጋቢው ጭቃ በጭቃ ስለሆነ ተናደድኩ። ብረቱን አጥቤ መልሼ አስቀመጥኩት።

እሮብ እንደገና አወጡት። በሚቀጥለው ሳምንትም። አንድ ቀን ሲወጡ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። ብረቱን በሁለት እጃቸው፣ አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አውርደው፣ ቆም ብለው፣ ሌላውን ያወርዳሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

«አባ፣ ምን ሆነዋል? ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ቀስ! ቀስ ብለሽ!» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እኔ ከእጃቸው ወሰድኩትና በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ሺራ አርብ አርብ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ መውቀጥ ትወዳለች። ጠረጴዛው ስለሚረዝምባት ያችን የብረት ሙቀጫ መሬት ላይ አስቀምጬላት፣ በሁለት እጇ ብረቱን እያነሳች ትጥላለች። አንድ አርብ አባ ፈረደ ኩሽናው በር ላይ ቆሙ። ክንዳቸውን ዘርግተው መቃኑን ይዘው አላሳልፍ አሏት።

«ሳባ፣ ዲ! ልለፍ!» አለች ሺራ። ሳባ እዚህ አያት ማለት ነው፤ ዲ ደግሞ በቃ።

«አትለፊ» አሏት። «ምድር ላይ ተኚ።»

ልጅቷ አለቀሰች። አስረስ እጃቸውን አስለቅቆ ወደ ክፍላቸው ወሰዳቸው። በሩን ሲዘጋው፣ «ያ ልጅ እንዳይነካው! ያ ልጅ እንዳይነካው!» ይሉ ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ልጅ ናት። ወንድ ልጅ የለንም። ይሄኔ ነው በጣም የፈራሁት፤ ብረቱን አይደለም፣ እሳቸውን።

ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። በዕብራይስጥ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ምንም ሳይሰሙ። «የኩሽና ዕቃ ይፈራሉ፣ ልጄን ያስፈራራሉ» አልኩ። ሐኪሙ በትዕግሥት አዳመጠኝ። በነገርኩት መሠረት የሚያረጋጋ ክኒን ጻፈ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ክኒኑ ሠራ። አባ ፈረደ ወንበራቸው ላይ ጭንቅላታቸው ዘንበል ብሎ መዋል ጀመሩ። ምራቃቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ብረቱን አላወጡም። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከማትናስ፣ ማለትም ከሰፈራችን የባህል ማዕከል፣ ስልክ ተደወለልኝ። ዳፍና የምትባል አስተባባሪ ናት። የተለያየ አገር ተወላጆች የቤታቸውን ዕቃ የሚያሳዩበት ቀን አዘጋጅታለች። የሙቀጫዎቼን ወሬ ሰምታለች። «አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ለአንቺ» አለችኝ። የሺራ ክፍል ልጆችም እዚያው መድረክ ላይ ሊዘምሩ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ የተጋበዝኩበት ቦታ አልነበረም።

ያን ቀን ጠዋት ሁሉንም በጋዜጣ ጠቀለልኩና አጋላችን ውስጥ፣ ያ ባለ ሁለት ጎማ የገበያ ቦርሳ ውስጥ፣ ደረደርኩ። ብረቱን ከላይ አደረግሁት።

አባ ፈረደ ከወንበራቸው ተነሡ። እንዴት እንደተነሡ አላውቅም፤ ጉልበታቸው አይይዛቸውም። መጥተው የአጋላውን እጀታ ያዙ።

«ልጄ።»

«አቤት አባ።»

«እንዳይወድቅ። ወደየትም ብትሄጂ፣ እንዳይወድቅ።»

ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር። ስሜን አልተሳሳቱም፤ ልጄ ነው ያሉኝ። እኔ ግን ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው። «እሺ አባ፣ አይወድቅም» ብዬ ጣታቸውን አንድ በአንድ ከእጀታው አላቀቅሁና አስቀመጥኳቸው። ሻይ አጠገባቸው አድርጌ ወጣሁ።

ከቤታችን እስከ ታችኛው መንገድ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። አጋላው ከብዶኛል። ላነሳው ስላልቻልኩ ከኋላዬ እየጎተትኩ ወረድኩ። በየደረጃው ይወድቃል። ጧ። ጧ። ጧ። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ከእጄ አምልጦ ሦስት ደረጃ ብቻውን ተንከባለለና በጎኑ ተጋደመ። ብድግ አድርጌ ጋዜጣውን አስተካከልኩ። አንዷ የሸክላ ሙቀጫ ተሰንጥቃ ነበር። ለእሷ አዘንኩ።

አውቶቡሱ ሞልቷል። አጋላውን በእግሮቼ መሐል ያዝኩት። አጠገቤ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጋዜጣውን እየቀደደ ይስቃል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ማትናሱ በር ላይ ሁልጊዜ ጥበቃ አለ። የዚያን ቀን የነበረው ሳሚ ነው፤ ግራጫ ጺም ያለው፣ ሠራዊት ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖረ፣ ድሩዝ ከሚባለው ዓረብኛ ተናጋሪ ሕዝብ የሆነ። ሁልጊዜ ይቀልዳል። «ዛሬ ምን ይዘሻል፣ ቤቱን በሙሉ ነው?» እያለ አጋላውን ከፈተ። በአንድ እጁ ጋዜጣውን ገለጠ።

እጁ እዚያው ቀረ።

ቀልዱ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እጀታውን ልቀቂ» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ልቀቂና ወደ ኋላሽ ሂጂ። አትሩጪ። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ እስክትደርሺ አትቁሚ።»

«ልጄ ውስጥ ናት» አልኩት።

«በኋላ በር አወጣቸዋለሁ። ሂጂ።»

ከግድግዳው ጀርባ ደርሼ ቆምኩ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አጋላዬ በሩ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሟል። ከውስጥ የልጆች መዝሙር ይሰማል። ከዚያ መሐል ላይ ቆመ። ቆይቶ የልጆቹ እግር ኮቴ ተሰማኝ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በጀርባው በር ወደ መናፈሻው ሲወጡ የሺራን ቀይ ሹራብ አየሁ።

ፖሊስ መንገዱን ዘጋ። ቦምብ የሚያከሽፈው ሰው፣ እዚህ ሐብላን የሚሉት፣ ወፍራም ልብስ ለብሶ ወደ አጋላዬ ሄደ። ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ከተመለሰ በኋላ የራስ ቁሩን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ወጣት ነው፤ ፀጉሩ በላብ ርሷል።

«የመድፍ ጥይት ነው» አለኝ። «እንግሊዞች አገሩን ይገዙ ከነበረበት ዘመን የቀረ። አልፈነዳም። ስንት ጊዜ ቤትሽ ቆየ?»

«ሁለት ወር ይሆናል።»

«ምን ታደርጊበት ነበር?»

«ነጭ ሽንኩርት እንቀጠቅጥበት ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «በየትኛው ጫፍ?»

«በዶለዶመው።»

መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። «ማን ማን?»

«እኔና ልጄ። ስድስት ዓመቷ ነው።»

ውኃ ሰጠኝ። ቆይቶ፣ «ውስጡ ያለው ገና በሕይወት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰባ ዓመት ሊተኛም ይችል ነበር። ደረጃው ላይ ሊነቃም ይችል ነበር» አለኝ። የደረጃውን ነገር የነገርኩት ራሴ ነኝ። ብረቱን አሸዋ በሞላ ዕቃ ውስጥ አድርገው ወሰዱት። በማግስቱ ራቅ ያለ ሜዳ ላይ እንዳፈነዱትና ፍንዳታው ከጠበቁት በላይ እንደነበረ ፖሊስ ደውሎ ነገረን።

አስረስ ከሥራው በርሮ መጣ። ከሺራ ጋር ሦስታችን በእግራችን ወደ ቤት ወጣን።

አባ ፈረደ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘናቸው። እጄን አዩ፣ ኋላዬን አዩ። «አወጣሽው?» አሉኝ።

«አወጣሁት አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ግራ ተጋብተው ራሴን ይዳብሱኛል። ለምን እንደማለቅስ የገባቸው አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ ተመልሼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ክኒኑን ቀስ በቀስ አስቆመላቸው። ወር ያህል ካለፈ በኋላ አባ ፈረደ ቀና ማለት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላቸው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ትናንት የሆነ ያህል አድርገው ጀመሩልኝ።

ሰሜን ውስጥ ነው። አራት ሆነው አንድ ምሽግ ይዘዋል። ሻይ ሊያፈሉ ሁለት ድንጋይ አገኙ፤ ሦስተኛ ጉልቻ ጠፋ። ከመካከላቸው ትንሹ፣ ከሁሉም በኋላ የተቀላቀላቸው ልጅ፣ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ብረት ጎትቶ አወጣ። «ይኸው ጉልቻ» አለና ከድስቱ ሥር አደረገው። አባ ፈረደ ውኃ ሊቀዱ ወርደው ነበር።

«ጀሪካኑን ይዤ ስመለስ» አሉኝ፣ «ቁልቁለቱ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። የልጁ ስም ጠፋኝ። ስሙ ብቻ ነው የጠፋኝ።»

ከዚያ እንጀራቸውን ቆርሰው መብላት ቀጠሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሰላም ዐረፉ። ሙቀጫዎቹን አልጣልኳቸውም። ብረት ግን ከዚያ ወዲህ አልሰበሰብኩም፤ የእንጨትና የድንጋይ ብቻ ነው የማነሳው። ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ መድፉ ጥይት ነው፤ በዚያ ሁሉ ምት እንዴት ሳይፈነዳ ቀረ ይሉኛል። እሱን አላውቅም። እኔን የሚከብደኝ ክኒኑ ነው። ጠዋትና ማታ መዳፋቸው ላይ አድርጌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለው ይውጡት ነበር።

አሁን የምረዳቸው ሴትዮ ዘጠና አልፏቸዋል፤ ብዙ ነገር ተምታቶባቸዋል። በየቀኑ፣ አንዳንዴ በቀን ሦስቴ፣ «ጋዝ ይሸተኛል» ይሉኛል። በየቀኑ ተነሥቼ ምድጃውን አያለሁ፣ ቧንቧውን በሳሙና ውኃ እፈትሻለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ። እስካሁን አንድም ጊዜ ምንም አላገኘሁም። ነገም እነሣለሁ።